የቡና ቅርንጫፍ በብሌንደር፦ ፕላስቲክ የማይመስል ቅጠል እንዴት እንደሚሠራ

ግቢያችን ውስጥ አንድ የቡና ተክል አለ። ፍሬው ለአንድ ጀበና እንኳ አይበቃም። ቅጠል መሥራት የተማርኩት ግን ከሱ ነው። ከዩቲዩብ አይደለም።

ዛሬ የምንሠራው ፀሐይ ከኋላው የምትመታውና በነፋስ ቀስ እያለ የሚወዛወዝ አንድ የቡና ቅርንጫፍ ነው። ሙሉ ተክል አይደለም። አንድ ቅርንጫፍ ያቃተው ሰው ሙሉ ተክል ቢጀምር የሚያተርፈው ራስ ምታት ብቻ ነው። መሣሪያችን ብሌንደር የሚባለው የ3ዲ ሥዕልና አኒሜሽን ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። ዕቃ ማንቀሳቀስና ኖድ ማገናኘት ትችላላችሁ ብዬ ልነሳ።

መጀመሪያ ተክሉን እዩት

የመጀመሪያ ሥራዬን ጅማ ላደገችው አክስቴ በስልክ አሳየኋት። ትንሽ አየችውና «የዚህ ቅጠል ጓደኛው የት ሄደ?» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ግቢ ወጥቼ ሳየው ነው።

ብዙ ተክሎች ቅጠላቸውን የሚያወጡት አንድ በአንድ፣ እየዞሩ ነው። ከአንዱ ቅጠል እስከ ቀጣዩ ወደ 137.5 ዲግሪ ይዞራሉ። እኔም ሁሉም ተክል እንዲህ ነው ብዬ ቅጠሎቹን እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ደረደርኳቸው። ቡና ግን እንደዚያ አይደለም። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሁለት ቅጠል ፊት ለፊት ይወጣል። ቀጥ ብሎ በሚያድገው ግንድ ላይ አንዱ ጥንድ ከታቹ ጥንድ ጋር መስቀል ይሠራል። ወደ ጎን በተዘረጋው ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ቅጠሎቹ ተጠምዝዘው ሁሉም ግራና ቀኝ ይተኛሉ፤ ከላይ ስታዩት እንደ ላባ ነው። የኛ የጎን ቅርንጫፍ ስለሆነ የምትደረድሩት እንደ ላባው ነው። 9 ጥንድ ይበቃል።

ቅጠሉን ፎቶ ኮፒ ቤት ውሰዱት

ቀልድ አይደለም። የፎቶ ኮፒ ቤት ስካነር ከስልክ ካሜራ ይሻላል፤ ብርሃኑ ወጥ ነው፣ ቅጠሉንም መስታወቱ ላይ ዘርጋ አድርጎ ይይዘዋል። በ600 ዲፒአይ ፊቱንም ጀርባውንም አስነሱ። ልጁ ግራ ገብቶት ያያችኋል፣ ችግር የለውም። መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ አትርሱ። እኔ ሳልጠርግ አስነስቼ የሰው መታወቂያ ጠርዝ ቅጠሌ ላይ ታትሞ አገኘሁት። ቅጠሉ ከመጠውለጉ በፊት በዚያው ቀን ጨርሱ።

ከዚያ አንድ ተጨማሪ ፎቶ አንሱ። ቅጠሉን መስኮት ላይ፣ ብርሃኑ ከኋላ እንዲመጣ አድርጋችሁ በስልክ አንሱት። ይህች ፎቶ ኋላ ላይ ታድነናለች።

ቅርጹ

ስካኑን ጠፍጣፋ ፕሌን ላይ አድርጉና ዳር ዳሩን ተከትላችሁ ቁረጡ። መጠኑ እውነተኛ ይሁን፤ 12 ሴንቲሜትር አካባቢ። አራት ማዕዘን ትቶ ትርፉን በአልፋ (የምስሉን ክፍል ግልጽ በሚያደርገው) መደበቅ አቋራጭ ይመስላል፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ሳይክልስ፣ ማለትም የብሌንደር የመጨረሻውን ምስል የሚያሰላው (ሬንደር የሚያደርገው) ክፍል፣ ብርሃን በግልጽ ነገር ውስጥ የሚያልፍበትን ቁጥር ሳትነኩት 8 ላይ ይገድበዋል። ቅጠል በቅጠል ላይ ሲደራረብ ገደቡ ያልቅና ጥቁር ሰሌዳ ይታያችኋል። ቁጥሩን መጨመር ይቻላል፣ ግን ሬንደሩ ይዘገያል። መቁረጥ ይሻላል።

መሃሉን ትንሽ አጥፉት፣ ዳሩን አሞገዱት፣ ጫፉን ወደ ታች ዘንበል አድርጉት። የቡና ቅጠል ዳሩ ሞገድ ከሌለው የቡና አይመስልም። አምስት ዓይነት ሥሩ። አንዱን ነፍሳት ይብላው፣ አንዱ ጫፉ ላይ ቢጫ ይሁን። ሌላውን በአልት ዲ አባዙ፤ በሺፍት ዲ ካባዛችሁ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ በከንቱ ይሞላል። የእያንዳንዱ ቅጠል ኦሪጅን (የሚዞርበት ነጥብ) ቅጠሉ ከቅርንጫፉ የሚያያዝበት ቦታ ላይ ይሁን። ነፋሱ ላይ ስንደርስ ጥቅሙን ታዩታላችሁ።

ማቴሪያሉ፣ ዋናው ጣጣ

እዚህ ላይ ሦስት ቀን አቃጥያለሁ። ቅጠሌ ፀሐይ ከኋላ ስትመታው ጥቁር ይሆናል። ፕሪንሲፕልድ በሚባለው የብሌንደር ዋና ሼደር (የዕቃውን ቀለምና አንጸባራቂነት የሚወስነው ኖድ) ላይ ሰብሰርፌስ የሚል አየሁና ጨመርኩት። አሁንም ጨመርኩት። በመጨረሻ ቅጠሉ አረንጓዴ ጧፍ መሰለ፣ ላፕቶፑም እንደ ምጣድ ጋለ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ሰብሰርፌስ ውፍረት ላለው ነገር ነው፤ ለቆዳ፣ ለሰም። የኛ ቅጠል ግን ውፍረት የሌለው አንድ ሉህ ነው። ለሱ የሚሆነው ትራንስሉሰንት የሚባለው ሼደር ነው። በአንድ በኩል የገባውን ብርሃን በሌላው በኩል በትኖ ያወጣዋል፤ መብራት ፊት እንደተያዘ ወረቀት። ፕሪንሲፕልዱንና ትራንስሉሰንቱን በሚክስ ሼደር አገናኙ። መጠኑን 0.35 ላይ ጀምሩ።

የትራንስሉሰንቱ ቀለም ከፊቱ ቀለም ጋር አንድ አይደለም። ክሎሮፊል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጠው ቅጠሉን አቋርጦ የሚወጣው ደማቅ፣ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ነው። ስካኑን እዚያ ካስገባችሁት ቅጠሉ ጭቃ ይመስላል። የመስኮቷ ፎቶ የምትገባው እዚህ ነው። ከስካኑ ጋር በልክ ግጠሟት። የቅጠሉ ደም ሥሮች ከነቅርንጫፋቸው ብቅ ሲሉ አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወንበሬ ላይ ዘለልኩ።

የቡና ቅጠል ፊቱ ያብለጨልጫል፣ ጀርባው ፈዘዝ ያለ ነው። ጂኦሜትሪ ከሚባለው ኖድ ባክፌሲንግ የሚለውን ወስዳችሁ በሱ ሁለቱን ስካኖች አቀያይሩ። ራፍነሱን (ሻካራነቱን) ለፊቱ 0.35፣ ለጀርባው 0.6 ስጡት። የተገለባበጠ ከመሰላችሁ ፌስ ኦሬንቴሽንን አብሩ፤ ላዩ ሰማያዊ ካልሆነ ኖርማሉ (ፊቱ የሚያይበት አቅጣጫ) ተገልብጧል። ኖርማል ማፕ (ጉብታና ጉድጓዱን የሚያሳይ ምስል) ከተጠቀማችሁ ከለር ስፔሱን ኖን ከለር ማድረግ የሚረሳ አለ። እኔም ነበርኩ።

ቅርንጫፉና ፍሬው

ቅርንጫፉ ከርቭ ነው፤ አንጓዎቹ ላይ ትንሽ አወፍሩት። ፍሬው አንጓው ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ሁሉንም ቀይ አታድርጉ። እሸት ቡና እኩል አይቀላም፤ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ አንድ ላይ ይታያሉ።

ነፋስ

ቅርንጫፉ ውስጥ አምስት አጥንት (ብሌንደር ቦን የሚላቸው፣ ቅርጹን የሚያንቀሳቅሱ) አስገቡ። ቅጠሎቹን በየቅርባቸው ካለው አጥንት ጋር እሰሩ። የአጥንቱን ሮቴሽን ሞድ ከኳተርኒየን ወደ ኦይለር ቀይሩ። የአጥንቱና የቅጠሎቹ ሮቴሽን ላይ ኪፍሬም አድርጉና ግራፍ ኤዲተር ውስጥ ኖይዝ ሞዲፋየር ጨምሩ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ላይ ጥንካሬውን 1 አድርጌው ቅርንጫፉ ጋኔን እንደያዘው ተንቀጠቀጠ። ለካ ቁጥሩ የሚቆጠረው በራዲያን ነው፤ 1 ማለት 57 ዲግሪ ገደማ ነው። 0.05 ላይ ጀምሩ። ስኬሉ ለቅርንጫፉ 40፣ ለቅጠሉ 12 ይሁን፤ ትልቁ ቀስ ይላል፣ ትንሹ ይፈጥናል።

የእያንዳንዱን ቅጠል ፌዝ (ኖይዙ የሚነሳበትን ቦታ) ለየብቻ ቀይሩ። አሰልቺ ነው፣ 18 ጊዜ ነው። ካልቀየራችሁ ግን ሁሉም በአንድ ላይ ይነቀንቃሉ፤ ነፋስ ሳይሆን የስፖርት ቀን ሰልፍ ይሆናል። የቡና ቅጠል ጭራው አጭር ስለሆነ እንደ ባሕር ዛፍ አይርገበገብም። ትንሽ ብቻ ነቅነቅ ይበል።

ብርሃንና ሬንደር

ፀሐይዋን ከቅርንጫፉ ኋላ፣ ወደ ጎን ገለል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ለሰማዩ ፖሊ ሄቨን ከሚባለው ድረ ገጽ ነጻ ኤችዲአርአይ (ዙሪያውን የሚያበራ የሰማይ ፎቶ) አውርዱ። ቪው ትራንስፎርሙ (ቀለሙ ስክሪን ላይ የሚታይበት መንገድ) ኤጅኤክስ ይሁን፤ ከብሌንደር 4.0 ጀምሮ ያለው እሱ ነው። ስታንዳርድ ላይ ከሆነ አረንጓዴው የኒዮን መብራት ይሆናል።

በሳይክልስ 200 ሳምፕል ከዲኖይዘር (የምስሉን ነጠብጣብ ከሚያጠፋው) ጋር ለኔ በቂ ነው። አሁን አንድ ነገር ስሙኝ፦ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ሬንደር አታድርጉ። 240 ፍሬም፣ ማለትም 10 ሰከንድ፣ ወደ ኤምፒ4 ለቅቄ ተኛሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ጠዋት የጠበቀኝ የማይከፈት ፋይል ነበር።

ወደ ፒኤንጂ አውጡ፤ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ይቀመጣል። ኦቨርራይት የሚለውን ምልክት አጥፉት፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ፕሌስሆልደርስ የሚለውን ግን አታብሩት። በተቋረጠው ፍሬም ቦታ ባዶ ፋይል ይተውና ኋላ ተሠርቷል ብሎ ያልፈዋል። መሃል ላይ የሆነ ነገር ከቀየራችሁ የድሮዎቹን ፍሬሞች ሰርዙ፣ አለበለዚያ ቅጠላችሁ ቪዲዮው መሃል ላይ ድንገት ቀለም ይቀይራል።

ሲያልቅ ፒኤንጂዎቹን እዚያው ብሌንደር ቪዲዮ ኤዲተር ውስጥ በ24 ፍሬም ቀጥሏቸው። ይቺ የደቂቃዎች ሥራ ናት፤ መብራት ቢጠፋም የምትደግሙት እሷን ብቻ ነው።