የመማር ፍላጎት ሲጠፋ ኮሌጅን ለጊዜው ማቋረጥ ይሻላል? ውሳኔው ላይ እንዴት መድረስ ይቻላል?

የመማር ፍላጎቱ የጠፋበት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚጠይቀው «ላቋርጥ ወይስ ልቀጥል?» ብሎ ነው። ከዚህ በፊት መመለስ ያለበት ግን ፍላጎቱን ምን እንዳጠፋው ነው፤ ምክንያቱም እረፍት ድካምን ያስታግሳል እንጂ ያልወደዱትን የትምህርት ክፍል አይቀይርም፣ ከመሠረቱ የጎደለን ዕውቀት አይሞላም፣ ያልታከመ ሕመምንም አያድንም። መንስኤውን ሳያውቅ የወጣ ተማሪ ሲመለስ ያንኑ ችግር ባለበት ያገኘዋል።

ቀድሞ መጣራት ያለበት ጤና ነው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ስሜትዎ ከወረደ ወይም ቀድሞ ያስደስትዎ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙን ካጣ፣ በዚህም ላይ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ወይም ሐሳብ የመሰብሰብ ችሎታዎ ከተዛባ፣ ይህ ስንፍና ሳይሆን ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ከማንኛውም ውሳኔ በፊት ሐኪም ሊያይዎት ይገባል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መታወክም ሰውን እንዲሁ አቅም ስለሚያሳጡ ምርመራው የአእምሮ ጤንነት ላይ ብቻ ባይወሰን መልካም ነው። ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን የትምህርቱን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ትተው በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ ሕክምናም ያግኙ። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ወደፊቱ ሁሉ ጨለማ ሆኖ ስለሚታየው ትምህርትን ጨርሶ መተውን የመሰለ ውሳኔ በዚያ ወቅት ባይወስን ይመረጣል። በሕክምና ማስረጃ ለተወሰነ ጊዜ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ካመነበት ያለ ኀፍረት ሊጠየቅ ይገባል።

ጤናዎ ደህና ከሆነ መንስኤውን ሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሰው ተነሳሽነት በሦስት ነገሮች ላይ እንደሚቆም ያስረዳሉ፤ የሚሠራውን በራሱ ፈቃድ መምረጡ፣ እንደሚችለው መሰማቱ፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰሩ። እነዚህን አንድ በአንድ ወደ ራስዎ ይመልሷቸው። የትምህርት ክፍሉን የመረጡት እርስዎ ነዎት ወይስ ውጤትና ቤተሰብ መረጡልዎት? ሌሎቹ ኮርሶች ደህና ሆነው የሚያስጠላዎት አንዱ ብቻ ነው? እንዲያ ከሆነ ምናልባት ያለፈው ዓመት ትምህርት በሚገባ ስላልገባዎት የዘንድሮው ከአቅምዎ በላይ ሆኖብዎት ይሆናል። ክፍል ገብተው እስኪወጡ የሚያነጋግርዎት ሰው አለ? ለአንድ ሳምንት ያህል ማጥናት ያቃተዎትን ሰዓትና በዚያ ሰዓት የተሰማዎትን በማስታወሻ ቢይዙ ምላሹ ከግምት የተሻለ ይሆናል። ለአብዛኞቹ መንስኤዎች ከማቋረጥ ያነሰ መፍትሔ አለ፤ የትምህርት ክፍል መቀየር፣ አንድ ኮርስ መጣል፣ የኮርስ ጫና መቀነስ፣ አስጠኚ መፈለግ፣ ከሌሎች ጋር ማጥናት። ጊዜው ከፈቀደ ከእነዚህ አንዱን ለጥቂት ሳምንታት ሳይሞክሩ መውጣትን አልመክርም።

እረፍት በእርግጥ የሚረዳው መንስኤው መዛል ሲሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ መዛልን ሲገልጽ ሦስት ምልክቶችን ጠቅሷል፤ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ፣ የውጤታማነት መቀነስ። ድርጅቱ የተናገረው ስለ ሥራ ቢሆንም ለዓመታት ያለ ፋታ የተማረ ወይም ከትምህርቱ ጎን ሥራ የሚሠራ ተማሪ ራሱን በዚህ ሊያየው ይችላል። ያለፈው የዕረፍት ወቅት ጉልበትዎን መልሶልዎት ከነበረ ረዘም ያለ እረፍትም ይጠቅምዎታል ማለት ይቻላል። ከዕረፍት ሲመለሱ በመጀመሪያው ቀን ያው ስሜት ከያዘዎት ግን ችግሩ ድካም አይመስልም።

«ይህን ያህል ዓመት ተምሬ እንዴት እተወዋለሁ?» የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን ያስራል። ሃል አርክስ እና ካትሪን ብሉመር በ1985 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የማይመለስ ገንዘብ ወይም ድካም ስላወጡበት ብቻ በማይጠቅማቸው ነገር እንደሚቀጥሉ አሳይተዋል። ስለዚህ የሚመዘነው የቀረው ነው፤ ለመመረቅ አንድ ሴሚስተር የቀረውና ሦስት ዓመት የቀረው ተማሪ አንድ ዓይነት ውሳኔ ላይደርሱ ይችላሉ።

አሁን ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ወደሚፈልገው ጉዳይ እንምጣ። ብዙ ተማሪ የሚጎዳው በማቋረጡ ሳይሆን በአወጣጡ ነው። ክፍል መግባት አቁሞ ዝም ብሎ የሚጠፋ ተማሪ በተመዘገበባቸው ኮርሶች ሁሉ ሊወድቅ፣ የተበላሸው ውጤትም ለመመለስ ሲያመለክት እንቅፋት ሊሆንበት ይችላል። በወቅቱ ዊዝድሮዋል (ትምህርትን በይፋ ለማቋረጥ የሚሞላውን ቅጽ) ሞልቶ የወጣ ተማሪ ግን በብዙ ተቋማት ውጤቱ ሳይነካ ይቆይለታል። ደንቡ ከተቋም ተቋም ስለሚለያይ ከጓደኛ በሰሙት ሳይሆን ሬጅስትራር በጽሑፍ በሚሰጥዎት ምላሽ ይመሩ። የመውጫው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? ቦታዎ ለስንት ጊዜ ይጠበቃል? የከፈሉት ክፍያ ይመለሳል? የነጻ ትምህርት ዕድል፣ ብድር ወይም ዶርም ካለዎት ምን ይሆናል? በውጭ አገር የሚማሩ ከሆነ ቪዛዎ በምዝገባዎ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ስለሚችል ይህን ሳያረጋግጡ ምንም ቅጽ አይፈርሙ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡ ኮርሶች ካሉ የአንድ ሴሚስተር እረፍት የአንድ ዓመት መዘግየት ሊሆን እንደሚችልም የትምህርት ክፍልዎን አማካሪ ጠይቀው ይወቁ።

ለመውጣት ከወሰኑ የእረፍቱን ጊዜ በምን እንደሚያሳልፉት በወረቀት ያስፍሩ። ለታመመ ሰው መዳን ብቻውን በቂ ሥራ ነው። ለሌላው ግን የመመለሻ ቀንም ሆነ የተወሰነ ተግባር የሌለው እረፍት አደገኛ ይመስለኛል፤ መመለስ በየወሩ እየከበደ ይሄዳልና። በሚያስቡት ሙያ አካባቢ መሥራት፣ ያልገባዎትን ኮርስ መሠረቱን በራስዎ ማጥናት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ መቆጠብ፣ ሁሉም ከመነሻው ችግር ጋር የተያያዘ ከሆነ ይጠቅማል። ለቤተሰብም ከወጡ በኋላ ሳይሆን ከመውጣትዎ በፊት፣ ምክንያቱንና የመመለሻውን ቀን ይዘው ይንገሩ፤ መደንገጣቸው ባይቀርም የሚያነጋግሩት ዕቅድ ያለው ሰው ይሆናል።

የዳግም ቅበላ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ሴሚስተሩ ከመጀመሩ አስቀድሞ ስለሆነ ቀኑን ዊዝድሮዋል በሞሉበት ዕለት ጠይቀው ይያዙ፤ ከሬጅስትራር የተሰጠዎትን ወረቀት ሁሉ ቅጂ ያስቀሩ፤ ሲመለሱም ደንቡ ከፈቀደ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በቀነሰ የኮርስ ብዛት ይጀምሩ።