በጥንታዊ የቻይና ፊደላት ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌን እንዴት መፈለግና መመርመር ይቻላል?

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ቻይና ከገቡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናውያን አንዳንዶቹ፣ በተለይም ፈረንሳዊው ዮአኪም ቡቬ፣ በአገሩ ጥንታዊ መጻሕፍትና ፊደላት ውስጥ የኦሪትን ፍንጭ ይፈልጉ ነበር። ዛሬ ይህን ፍለጋ መሞከር የሚፈልግ ሰው የግድ ቻይንኛ መናገር የለበትም፤ ቻይንኛ የሚጻፍባቸውን ምልክቶች አመጣጥ የሚያሳይ መዝገበ ቃላትና ትዕግሥት ግን ያስፈልጉታል።

በመጀመሪያ ምልክቱን በቀድሞው ሙሉ አጻጻፉ ይያዙ። ቻይና ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ምልክቶችን ስላቃለለች፣ ጽድቅን በሚያመለክተው “ዪ” አናት ላይ የነበረው በግ ዛሬ የሚታየው እንደ ታይዋንና ሆንግ ኮንግ ባሉ ስፍራዎች ነው።

ቀጥሎ ምልክቱን ወደ ክፍሎቹ ይፍቱት። ከሁሉ የታወቀው መርከብ ማለት የሆነው “ችዋን” ሲሆን፣ በግራው ታንኳ፣ በቀኙ ደግሞ ከላይ ስምንት ቁጥር ከታች አፍ አለው። አፍ በቻይንኛ የቤተሰብን አባላት ለመቁጠርም ስለሚያገለግል፣ አንባቢው ወዲያው በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥20 የተጠቀሱትን፣ በኖኅ መርከብ የዳኑትን ስምንት ነፍሳት ያስባል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን መዝጋት አይገባም። ያው የቀኝ ክፍል እርሳስ የተባለው ማዕድን በሚጻፍበት ምልክት ውስጥም ይገኛል፤ እርሳስን ከኖኅ ጋር የሚያዛምድ ግን የለም። ምክንያቱም አብዛኞቹ ምልክቶች ትርጉምን ከሚጠቁም አንድ ክፍልና ድምፅን ከሚጠቁም ሌላ ክፍል የተሠሩ ናቸው። ከአንዲት ሴት በላይ ሁለት ዛፎች የቆሙበትና ስግብግብነትን የሚገልጸው “ላን” ሔዋንን ቢያስታውስም፣ ቻይናዊው ሊቅ ሹ ሸን በ100 ዓ.ም. ገደማ ባዘጋጀው መዝገበ ቃላት ዛፎቹ (“ሊን”፣ ጫካ) የተቀመጡት ለድምፅ እንደሆነ ጽፏል።

በመጨረሻም ወደ ጥንታዊው ቅርጽ ይሂዱ። ሻንግ የተባለው ጥንታዊ የቻይና ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ለጥንቆላ ይጠቀሙባቸው በነበሩት የኤሊ ቅርፊቶችና የበሬ አጥንቶች ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ምንነቱ የታወቀው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ “ዪ”ን ብንመረምር፣ ከበጉ ሥር ያለውና ዛሬ “እኔ” ተብሎ የሚነበበው ክፍል ባለ ጥርስ የጦር መሣሪያ ሥዕል ሆኖ ይገኛል፤ ለ“እኔ” የተዋሰው በድምፁ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች ለ“ዪ” የሚሰጡት “በጉ እኔን ሸፈነኝ” የሚለው ንባብ ከጸሐፊዎቹ ሐሳብ የመጣ አይመስልም። በጉ ራሱ ግን ባዶ ጌጥ አይደለም፤ ሻንጎች በግ ይሠዉ ነበር፣ ቸርነትንና መልካም ዕድልን በሚገልጹ ምልክቶችም ውስጥ ይገኛል። ከሦስቱ ምሳሌዎች በእኔ ግምት ለአሳብ የሚበቃው ይህ ነው።

ያገኙትን ለትምህርት ሲያቀርቡ “ይህ ምልክት ኖኅን ያስታውሰናል” ማለት ነውር የለውም። “ጥንታውያን ቻይናውያን የኖኅን ታሪክ በፊደል ጽፈው አቆዩልን” ለማለት ግን ስምንቱና አፉ በአጥንቶቹ ላይ መታየት ነበረባቸው፤ በዚያ ያለው ባዶ ታንኳ ብቻ ነው።