የጃፓንኛ አፍ ፈቺ ሕፃናትን ሰዋስው ሲለኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተለመደው መለኪያ አማካይ የንግግር ርዝመት ነው፦ የሕፃኑን ንግግር ቀርጾ መጻፍ፣ ምዕላዶቹን (ትርጉም ያላቸውን ትንንሽ የቃል ክፍሎች) መቁጠር፣ ድምሩን ለንግግሮቹ ብዛት ማካፈል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮጀር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ያስለመደው ይህ ዘዴ ለጃፓንኛ ሲውል የሚበላሸው ገና ማካፈሉ ሳይጀመር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የመቁረጫ ደንብ ሳይጽፉ መቁጠር ነው። ጃፓንኛ በቃላት መካከል ክፍተት ሳይተው ስለሚጻፍ ድንበሩን የሚወስነው ጸሐፊው ነው። «ታቤታ» (በላ) ሁለት ምዕላድ መሆኑ አያከራክርም፦ ታቤ እና ታ። «ታቤቻታ» (በልቶ ጨረሰው) ግን «ታቤቴ ሺማታ» ያጠረበት ነው። አንዱ ቆጣሪ እንደተሰማው 3 ይላል፤ ሌላው ወደ ሙሉ ቅርጹ መልሶ 4 ይላል። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ማደባለቁ ግን አያስኬድም። ይህ ቅርጽ ከልጆች አፍ ስለማይጠፋ አማካዩን ያዛባል። ደንቡን አስቀድመው ይጻፉ፤ ከናሙናው የተወሰነውንም ሌላ ሰው ለብቻው ይቁጠረው።

ባለቤት የሌለውን ዐረፍተ ነገር መጣልም ሌላው ነው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በራሱ ይናገራል፤ «ታቤታ» ግን በላሁም፣ በላሽም፣ በሉም ነው። ባለቤቱ ከታወቀ አይጠራም። ስለዚህ መስፈርቱ ማሰሪያው ይሁን፤ ግስ ወይም ቅጽል፤ የጃፓንኛ ቅጽልም ለኃላፊ ጊዜና ለአሉታ ይረባልና።

የቀረን ምዕላድ ሁሉ ስህተት አይበሉ። «ጁሱ ኖሙ» (ጭማቂ እጠጣለሁ) ሲል ተሳቢ አመልካቹን «ኦ» ቢተው እናቱም ትተወዋለች። የብራውን 90 በመቶ መስፈርት (ምዕላዱ በሚያስፈልግበት ቦታ 90 በመቶውን ጊዜ ከተገኘ ልጁ ለምዶታል የሚለው) የሚሠራው ምዕላዱ ግዴታ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው፤ ለዚህ የባለቤትነቱ «ኖ» ይሻላል፦ «ማማ ኖ ኩትሱ» (የእማማ ጫማ)። ነገሩ በተቃራኒውም አለ። አንዳንድ የሁለት ዓመት ልጆች «አካይ ቡቡ» (ቀይ መኪና) በማለት ፈንታ «አካይ ኖ ቡቡ» ይላሉ። ትርፏ «ኖ» ስህተት ብትሆንም አማካዩን ከፍ ታደርጋለች፤ ደግሞም ልጁ ደንብ መሥራት እንደጀመረ ትጠቁማለች። ምልክት አድርገው ለብቻዋ ይያዟት።

የተደገመ፣ የተዘፈነ፣ ያልተሰማ ንግግር ይውጣ። «ኢታዳኪማስ» (ከመብላት በፊት የሚባል) እና «ዋንዋን» (ውሻ፣ በልጆች አነጋገር) እያንዳንዳቸው 1 ናቸው። በዐረፍተ ነገር መጨረሻ የሚገቡት ቅንጣቶች «ኔ» እና «ዮ» ቶሎ ስለሚመጡ አማካዩን ከእነሱ ጋርም ያለ እነሱም ያስሉ። አንድን ቅርጽ መስማትም ችሎታ አያረጋግጥም፦ የአሉታው «ናይ» ከብዙ ግሶች ጋር፣ ያው ግስም በ«ታቤታ»፣ «ታቤናይ» (አይበላም)፣ «ታቤሩ» (ይበላል) ሲመጣ ያኔ ይመዝገብ።

የሥዕል መጽሐፍ እያሳዩ መቅረጽ በአብዛኛው ስም ያስጠራል። በጨዋታ መካከል ቢያንስ 100 ግልጽ ንግግር ይሰብስቡ፤ ሁኔታውንም በየዙሩ አይቀይሩ። አማካዩ ወደ 4 ሲጠጋ ርዝመት እድገትን በደንብ መለየቱ እየደከመ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ተደራቢ ዐረፍተ ነገሮችን፣ «ካራ» (ስለ) ያለባቸውን ምክንያቶችና ተደራጊ ግሶችን መቁጠር ይሻላል።