ውፍረት ለመቀነስ የያዛችሁት ዕቅድ ለምን አልሠራም? በጎጃም ማዕድ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ውፍረት ለመቀነስ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚይዘው ከስልኩ ያገኘውን ዕቅድ ነው፤ ጠዋት አጃና እንቁላል፣ ምሳ የዶሮ ሥጋ፣ ማታ እርጎ በፍራፍሬ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ለሚኖር ጿሚ ይህ ዕቅድ የሚቆየው እስከ መጀመሪያው ረቡዕ ነው። ከዚያ ሰውየው «እኔ አልችልም» ብሎ ይተወዋል። ዕቅዱ ግን ጾሙንም፣ የጋራ ማዕዱንም፣ ድግሱንም ሳያውቅ የተሠራ ነው። ስለዚህ ዕቅዳችሁ የት ላይ እንደተሰበረ ፈልጉና እዚያው ጠግኑት።

በቅድሚያ መቀነስ የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን አረጋግጡ። ክብደታችሁን በኪሎ፣ ቁመታችሁን በሜትር ለክታችሁ ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ አካፍሉት። 1.70 ሜትር ቁመት ያለው የ80 ኪሎ ሰው ውጤቱ 27.7 ገደማ ይሆናል። ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ ነው፤ ከ25 በላይ ክብደት መብዛቱን ያሳያል፤ 30 ሲደርስ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ከሚዛኑ ይልቅ ቦርጭ የበለጠ ሊያሳስብ ስለሚችል ወገባችሁንም በሜትር ለኩ።

«በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ቀነስኩ፣ ከዚያ ቆመ»

መጀመሪያ የሄደው በአብዛኛው ውኃ ነው። ምግብ ሲቀንስ ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያጠራቀመውን ስኳር ይጠቀማል፤ ከእርሱ ጋር የተያዘው ውኃም አብሮ ይወጣል። ስብ የሚቀልጠው ከዚያ በኋላ፣ በዝግታ ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ጥሩ ፍጥነት ነው። በየቀኑ ሚዛን ላይ አትውጡ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበሉ ተመዘኑ። ከክብደታችሁ ከመቶ 5 እንኳ ብትቀንሱ ለደም ግፊትና ለስኳር ጥቅሙ ይታያል።

«ሥጋና ቅቤ ትቼ ጾም ላይ እወፍራለሁ»

ይህን ቅሬታ በተለይ በዐቢይ ጾም ብዙ ሰው ያነሣል፤ እውነትም ነው። ዋናው ምክንያት ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሩብ ሊትር ዘይት የፈሰሰበት ድስት ከዘይቱ ብቻ ከ2,000 ካሎሪ በላይ ይዟል፤ ይህም ለብዙ ሰው የቀን ሙሉ ፍላጎት ነው። የኑግ ይሁን የሱፍ፣ በዚህ በኩል ልዩነት የለውም። ሁለተኛው ምክንያት ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሰው ቅዳሴ ሲወጣ መንገድ ላይ ያገኘውን ፓስቲና ሳምቡሳ ይበላል፤ ቤት ሲደርስ ደግሞ ገበታው ይጠብቀዋል።

መፍትሄው ከወጥ ቤት ይጀምራል። ዘይቱን ከጀሪካን በቀጥታ አታፍስሱ፤ በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውኃ አቁላሉት፣ ዘይቱን በኋላ ጠብ አድርጉበት። ጾሙን ስትገድፉ በሽንብራ ወይም በባቄላ ንፍሮ ጀምሩ። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ፕሮቲን ደግሞ ቶሎ እንዳትራቡ ይረዳል። ስለዚህ ከእንጀራው ቀንሳችሁ ምስሩን፣ ክኩንና ጎመኑን አብዙ። እንዲህ ከተያዘ 55ቱ ቀን፣ ፍልሰታና የነቢያት ጾም ውፍረት ለመቀነስ የተመቹ ወራት ናቸው፤ ጾሙ ራሱ ሌላ ዓላማ እንዳለው ሳይዘነጋ።

ከባዱ ፈተና ፋሲካ ላይ ይመጣል። በጾሙ የቀነሰው በዶሮው፣ በቅርጫውና በጠላው ተመልሶ እንዳይመጣ ለበዓሉ ሳምንት አስቀድማችሁ ወስኑ። የበዓሉን ቀን በደስታ ብሉ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ግን ቅቤና ሥጋ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። የስኳር ሕመም ኖሯችሁ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ደግሞ ከጾሙ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድና ሊጥላችሁ ይችላል።

«ጤፉን በዳጉሳ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም»

100 ግራም የጤፍ፣ የበቆሎ ወይም የዳጉሳ ዱቄት በግምት 350 ካሎሪ ይሰጣል። ቆሎም ያው እህል ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ያልተፈተገ እህል በአሰሩ ምክንያት ቢያጠግብም ዋናው ነገር የምትበሉት መጠን ነው። ይህን መጠን ደግሞ ከአንድ ትሪ አብሮ የሚበላ ሰው ሊያውቀው አይችልም፤ ወሬ አለ፣ ጉርሻ አለ፣ የተጨመረ እንጀራ አለ። ድርሻችሁን መጀመሪያ ቆርሳችሁ በፊታችሁ አድርጉ። ሲያልቅ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከማዕዱ ግን አትነሡ፤ አብሮ መቀመጡ ለቤተሰቡ ከመብላቱ ይበልጣል።

እናት «ከሳህ፣ ታመምህ እንዴ?» ስትል መልስ ያስፈልጋታል። በእኛ አገር መክሳት የሕመም ምልክት ሆኖ ስለኖረ ጭንቀቷ ከፍቅር ነው። «እማዬ፣ ደኅና ነኝ፤ ግፊቴ እንዲወርድ ነው የቀነስኩት» ብላችሁ አስረዷት። ምክንያቱን ካወቀች ጎመኑን ወደ እናንተ የምታቀርበው እርሷ ትሆናለች።

«አባቴም እንዲሁ ይበላል፣ እሱ ግን ቀጭን ነው»

ቢቸና ወይም አዴት ሲያርስ የሚውል ገበሬና ባሕር ዳር ወንበር ላይ የሚውል ልጁ አንድ ዓይነት ምግብ አያስፈልጋቸውም። የገበሬውን ምግብ ማረሻው፣ አረሙ፣ የገበያው መንገድ ይጨርሰዋል። ልጁ በባጃጅ ሥራ ገብቶ በባጃጅ ይመለሳል።

በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ብስክሌት የከተማው የቆየ ልማድ ስለሆነ ወደ ሥራ በእርሱ ሂዱ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ጨምሩ፤ ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግም ይሆናል። እንቅስቃሴ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ካሎሪ ያህል ነው፤ እርሱን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ገደማ በፍጥነት መራመድ ያስፈልጋል። ጠጅና አረቄም ያው ናቸው፣ ለስላሳ መጠጥም በስኳሩ ይከብዳል።

«ሁሉን አደረግኩ፣ አልቀንስም»

የማቅጠኛ ሻይና ክኒን አትሞክሩ። ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ወይም የሚያሸኑ ናቸው፤ የሚያወጡት ውኃ ነው፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ።

ድካም፣ ብርድ መጥላት፣ የቆዳ መድረቅና የሆድ ድርቀት ካለ፣ አንገት ላይ እንቅርት ባይታይም የታይሮይድ ምርመራ ጠይቁ። መድኃኒትም ሊያወፍር ይችላል፤ ፕሬድኒሶሎን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ኢንሱሊንና የሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በራሳችሁ ግን አታቋርጧቸው። የምትወስዱትን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና «ከእነዚህ ውስጥ የሚያወፍር አለ? በሌላ ሊቀየርልኝ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ።