ኮዳችሁን ለሕዝብ ከመክፈታችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ ሶፍትዌር እየጻፋችሁ ኮዱን ለሁሉም ክፍት የምታደርጉ ሁሉ፣ አንድ ፋይል አትርሱ፤ የደኅንነት ክፍተት ያገኘ ሰው ለማን በምስጢር እንደሚያሳውቅ የሚገልጽ። ሦስት መስመር ይበቃዋል። የሚነግረው ሰው ካጣ አደባባይ ላይ ይጽፈዋል፤ ያኔ ከእናንተ ቀድሞ ክፉ አሳቢው ያነበዋል።

ከዚያ ለክፍት ኮድ ሶፍትዌር ደኅንነት የሚሠራው ድርጅት፣ ኦፕን ሶርስ ሴኪዩሪቲ ፋውንዴሽን፣ ያዘጋጀውን የመልካም አሠራር መጠይቅ በሐቀኝነት መልሱ። ክፍያ የለውም። የመጀመሪያው ደረጃ ለክፍተት ጥቆማ ቢበዛ በ14 ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ምላሽ መስጠትን ይጠይቃል፤ እኔ ግን በሁለት ቀን ብትመልሱ እመርጣለሁ። መስፈርቱን ላሟላ ፕሮጀክት የሚሰጠውን ምልክት ለማግኘት አትጣደፉ፣ ጥቅሙ ጥያቄዎቹ ውስጥ ነው። ፒያሳ ካፌ ተቀምጣችሁም ይሞላል።

የይለፍ ቃል ኮድ ውስጥ ከገባማ መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ በኮዱ የቀድሞ ለውጦች መዝገብ ውስጥ ይቀራል። ቃሉን ራሱን ወዲያው ቀይሩት።