ጆሯችሁን የሚሸውዱ ስህተቶች፦ በጂኦግራፊና በአየር ሁኔታ ምንባቦች ሊስኒንግ ለምትለማመዱ

እንግሊዝኛ ማዳመጥ ለመለማመድ የጂኦግራፊና የአየር ሁኔታ ምንባብ ስትመርጡ ቀላሉን የመረጣችሁ ይመስላችኋል። ወንዝ፣ ተራራ፣ ዝናብ፣ ፀሐይ። ማን የማያውቀው ነገር አለ? የሚሸውደውም ይሄው ነው። ርዕሱን ስለምታውቁት የተባለውንም የሰማችሁ ይመስላችኋል። ጥያቄው ግን ተራራ ምን እንደሆነ አይጠይቃችሁም። አሥራ አምስት ነው ያለው ሃምሳ? ነፋሱ ከምዕራብ ነው ወደ ምዕራብ? ትልቁ በረሃ ነው ወይስ ትልቁ ሞቃት በረሃ? ነጥብ የሚሄደው በእንዲህ ዓይነቱ ጥቃቅን ነገር ነው። ተለማማጆች ሲሳሳቱ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቅደም ተከተል የለውም፤ በጣም የሚያናድደኝን አስቀድሜያለሁ።

ጽሑፉን እያነበቡ «ማዳመጥ»

ይሄን ካልተዋችሁ የቀረውን ባታነቡትም ግድ የለም። ኦዲዮውን ከፍቶ፣ ስክሪፕቱን ከፊት ዘርግቶ፣ በዓይን መስመር በመስመር እየተከተሉ መሄድ ማንበብ ነው። ዓይን ከጆሮ ይፈጥናል። ቃሉን ቀድሞ አይቶ ያቀብላል፣ ጆሮ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ከዚያ ሰውዬው «ከሞላ ጎደል ሁሉም ገብቶኛል» ብሎ ይነሳል። አልዋሸም። የገባው ግን ያነበበው ነው።

አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፤ ሰዋስው አይስትም፣ ሲያነብም ፈጣን ነው። ቺሊ ውስጥ ስላለው የአታካማ በረሃ የሚያወራ ምንባብ ቤቱ ሲያዳምጥ ሰንብቶ «ጨርሼዋለሁ» አለኝ። በዚያው ርዕስ ላይ ሌላ ኦዲዮ ያለ ስክሪፕት ከፈትኩለት። ተናጋሪዋ አታካማ ለምን እንደዚያ እንደደረቀ ታስረዳለች፦ በምሥራቅ በኩል የአንዲስ ተራሮች ከአማዞን የሚመጣውን እርጥብ አየር ይዘጉበታል፣ በምዕራብ ደግሞ ቀዝቃዛው የሃምቦልት የውቅያኖስ ጅረት ከባሕሩ የሚመጣው አየር ዝናብ እንዳይሰጥ ያደርገዋል። ልጁ ማስታወሻው ላይ በትልቅ ፊደል የሚጀምር «ሬንሻዶ» የሚል ነገር ጽፏል። ይሄ ምንድን ነው ስለው «ቺሊ ውስጥ ያለ ከተማ መሰለኝ» አለኝ። ሬይን ሻዶ ነው! ተራራ ዝናቡን ሲከልል ከጀርባው የሚቀረው ደረቅ ቦታ። ወረቀት ላይ ስንቴ አስምሮበታል፤ በጆሮው ግን ተገናኝተው አያውቁም።

ወረቀት ላይ በቃልና በቃል መካከል ክፍተት አለ፣ ንግግር ውስጥ የለም። «ኤን አይስ ኤጅ» እና «ኤ ናይስ ኤጅ» በፍጥነት ሲነገሩ አንድ ናቸው፤ የምትለዩዋቸው በዙሪያቸው ካለው ወሬ ነው። «ዌት ኤንድ ዊንዲ» ትጠብቃላችሁ፣ የሚመጣው «ዌትን ዊንዲ» ነው። ይሄንን ስክሪፕት አያስተምርም። ሰብታይትልም ያው ነው። ዩቲዩብ ራሱ እየጻፈ የሚያወጣው ደግሞ የቦታ ስም ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይዘባርቃል፣ እናንተም አብራችሁት ትዘባርቃላችሁ።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ስሙ፤ ባይገባችሁም አታቁሙ። ቀጥሎ እያቆማችሁ የሰማችሁትን ጻፉ። ስክሪፕቱ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለእርማት። ያመለጣችሁን ቦታ ስታገኙ «አሃ» ብላችሁ አትለፉት፤ ለምን እንዳመለጣችሁ ከጎኑ ጻፉ። ቃሉን ጨርሶ አታውቁትም? ያ የቃላት ጥናት ነው። ታውቁታላችሁ ግን ጆሯችሁ አልያዘውም? ያችን የሁለት ሰከንድ ቁራጭ እየመለሳችሁ እስክትጠራ ስሟት፣ ከተናጋሪው ጋርም አብራችሁ በሏት። ቁጥር ነው? እንግዲያው ወደሚቀጥለው እንሂድ።

ቁጥር

ፊፍቲን እና ፊፍቲ። ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ን» ይጠብቃል። አትጠብቋት። «ፊፍቲን ማይልስ» ሲባል «ን» ከ«ማ» ጋር ተውጣ ልትቀር ትችላለች። ልብ የሚባለው ርዝመቱ ነው፦ «ቲን» ይጎተታል፣ የ«ፊፍቲ» ጫፍ ግን አጭር ነው፣ ክብደቱም «ፊፍ» ላይ ነው የሚወድቀው። አሜሪካውያን ሲናገሩ ሌላም ምልክት አለ። ሰርቲና ፎርቲ ወደ «ሰርዲ» እና «ፎርዲ» ይጠጋሉ፤ ሰርቲንና ፎርቲን ውስጥ ያለችው «ቲ» ግን ጥርት ትላለች።

ቁጥሩን ሰምቶ መለኪያውን የሚረሳም አለ። አንዲት ተለማማጅ የአሜሪካ ትንበያ እያዳመጠች «የዛሬው ከፍተኛ ሙቀት ሰርቲ ቱ» ሲባል ሞቃት ቀን የሚለውን መልስ መረጠች። ወዲያው መንገዱ በረዶ ስለያዘ ያንሸራትታል ተባለ። ያንንም ሰምታዋለች፣ ግን መልሷን አልነካችውም። እዚያ የሚተነበየው በፋራናይት ነው። 32 ማለት ዜሮ ሴልሺየስ፣ ውሃ የሚረጋበት ነው። 50 ማለት 10፣ 86 ማለት 30። እነዚህን ሦስቱን ያዙ፣ የቀረው በግምት ይደረስበታል።

በነገራችን ላይ «ኢን ዘ ሚድ ትዌንቲስ» 20 አይደለም፤ ከ24 እስከ 26 አካባቢ ነው። «ኢን ዘ ሎው ሰርቲስ» ደግሞ ከ30 ትንሽ ከፍ ያለ። ቁጥሩን «ኢን ዘ» ከቀደመው ስለ አንድ ቁጥር እየተወራ እንዳልሆነ ጠርጥሩ።

ያልተባለውን ከራስ አውጥቶ መጻፍ

ጂኦግራፊ ጎበዝ የነበሩ ሰዎች ጉዳቸው የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ተናጋሪው ሰሃራን «ዘ ላርጀስት ሆት ዴዘርት» ይላል። «ሆት» በቅጽበት ታልፋለች። ተማሪው ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን «የዓለም ትልቁ በረሃ» ብሎ ይጽፋል። ትልቁ በረሃ አንታርክቲካ ነው፤ በረሃ የሚያሰኘው የዝናብና የበረዶ ማነስ እንጂ ሙቀት አይደለምና። የምንባብ አዘጋጆች ይሄን ዓይነት ወጥመድ ይወዱታል። የሃዋዩ ተራራ ማውና ኬያም ሌላው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 4,207 ሜትር ብቻ ነው፣ ከባሕሩ ወለል ከሥሩ ከተለካ ግን ከኤቨረስት ይረዝማል። «ቶለስት» የምትለዋን ሰምቶ ሳይጨርስ ኤቨረስት ብሎ የጻፈ፣ ቀጥሎ የመጣውን «ፍሮም ቤዝ ቱ ፒክ» አልሰማም ማለት ነው።

የኤቨረስት ቁጥርም እንዲሁ። ኔፓልና ቻይና በ2020 ያስታወቁት 8,848.86 ሜትር ነው፤ አሮጌ ቅጂዎች 8,848 ይላሉ፣ የአሜሪካ ተናጋሪ ደግሞ «ትዌንቲ ናይን ታውዘንድ» ብሎ በጫማ ይጀምራል። መልሱ ተናጋሪው ያለው ነው። ቢሳሳት እንኳ ያለውን ጻፉ፣ ክርክሩን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

አቅጣጫ

«ዌስተርሊ ዊንድ» ከምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ነው። ነፋስ በመጣበት ይጠራል፣ የውቅያኖስ ጅረት በሚሄድበት። ይሄን ያላወቀ ሰው እያንዳንዷን ቃል ቢሰማም ካርታውን ገልብጦ ይስላል። ሳውዝዌስት ሞንሱን ሲባል ሰምተው ዝናቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳል የሚሉ አሉ። በተቃራኒው ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከባሕሩ ተነስቶ ወደ ሕንድ ይነፍሳል፣ ጁን መግቢያ ላይ ቀድሞ የሚቀበለውም በደቡብ ምዕራብ ጥግ ያለው ኬረላ ነው። «ዌስትዋርድ» ከሆነ ግን ወደ ምዕራብ ነው። ልዩነቱ ያለው በቃሉ ጭራ ላይ ነው፣ ጭራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነው የሚነገረው።

«አፐር» ሲባል ሰሜን፣ «ሎወር» ሲባል ደቡብ እያላችሁ አትሙሉ። አፐር ኢጂፕት በደቡብ ነው። አባይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ የላይኛው የሚባለው ውሃው የሚመጣበት ነው።

ትንንሾቹን ቃላት ደግሞ አደራ። «ኢን ዘ ኖርዝ ኦፍ ፍራንስ» ፈረንሳይ ውስጥ ነው፤ «ቱ ዘ ኖርዝ ኦፍ ፍራንስ» ከፈረንሳይ ውጭ ነው። «ኦን ዘ ኮስት» የብስ ላይ ነው፣ «ኦፍ (off) ዘ ኮስት» ባሕሩ ላይ። እነዚህ ቃላት በንግግር ውስጥ ተጨፍልቀው ነው የሚመጡት፣ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ የሚል ጥያቄ ደግሞ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። እያዳመጣችሁ ወረቀት ላይ የምትስሉት መስቀልና አራት የአቅጣጫ ፊደል ብዙ ያድናል።

የቦታ ስም ላይ መቆም

ቴምዝን እንደ አጻጻፉ «ታሜስ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ወንዙ በአጠገቡ ሲያልፍ አያየውም። ግሪንዊች ብለው የሚያነቡት ግሬኒች ነው፣ አርካንሳስ ብለው የሚያነቡት አርካንሶ፣ ኤዲንበርግ ብለው የሚያነቡት ኤዲንብራ። የሚያሳዝነው ግን ስሙን ማጣታቸው አይደለም። ስሙ ምንድን ነበር እያሉ ሲያስቡ ቀጣዮቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይሄዳሉ። ስም ካመለጣችሁ ላሽ በሉት፤ «አንድ ከተማ» ብላችሁ ቀጥሉ። ፈተና ላይ እንግዳ ስም እንድትጽፉ ከተፈለገ ብዙ ጊዜ ፊደል በፊደል ይነገራችኋል። እንግዲህ «ጂ»ን እና «ጄ»ን፣ «ኢ»ን እና «አይ»ን ማምታታት ካላቆማችሁ እሱም አይጠቅማችሁም።

ከሺፒንግ ፎርካስት መጀመር

ይሄንን ስህተት ሳልወደው አልቀርም፤ የሚሳሳቱት ጉጉዎቹ ናቸው። የሆነ ሰው «ቢቢሲ ሬዲዮ 4 ላይ የሚተላለፈውን የባሕርተኞች ትንበያ ስማ፣ ንጹሕ እንግሊዝኛ ነው» ይላቸዋል። ንጹሕ ነው፣ ግን ዓረፍተ ነገር የለውም። ሠላሳ አንድ የባሕር ክልሎችን በ350 ቃል ገደማ ለመጨረስ ግሡን ሁሉ ጥሎ ስም፣ አቅጣጫና ቁጥር ብቻ ይደረድራል። ቃላቱም የራሳቸው ትርጉም አላቸው። «ኢሚነንት» ማለት በ6 ሰዓት ውስጥ፣ «ሱን» ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ «ሌተር» ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። ብቻውን የሚመጣው «ጉድ» ስለ አየሩ ጥሩነት አይደለም፤ ከ5 ኖቲካል ማይል በላይ ይታያል ማለት ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው እንኳ መርከበኛ ካልሆነ ግማሹ አይገባውም። እናንተ «እንግሊዝኛዬ ሞቷል» ብላችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ።

ኋላ ላይ ግን ተመለሱበት። ለአቅጣጫና ለቁጥር የሚስተካከለው የለም፣ ሲነበብም ደስ ይላል። ከክልሎቹ ውስጥ ፊትዝሮይ የሚባለው በ2002 ፊኒስተር በሚለው ፋንታ የወጣ ስም ነው፤ ሮበርት ፊትዝሮይ ዳርዊንን ይዛ የተጓዘችው የቢግል መርከብ ካፒቴን ነበር፣ በ1854 ዛሬ ሜት ኦፊስ የሚባለውን የብሪታንያ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት መሠረተ፣ በ1861 ደግሞ ለሕዝብ የሚታተም ትንበያ አስጀመረ። ለጀማሪ የሚሻለው ስለ እሱ የሚተርክ ምንባብ ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አለው።

የቀሩት በአጭር በአጭሩ

መጀመሪያ የሰማችሁትን አትጻፉ። «ጠዋት ፀሐይ ይሆናል ተብሎ ነበር፣ አሁን ግን» የሚል ነገር ትንበያ ውስጥ ሞልቷል። መልሱ ከ«በት» (ግን) በኋላ ነው።

ስለ ሲድኒ ጃንዋሪ ሲወራ ሞቃቱ ወቅት፣ «ሰመር» ነው፤ የደቡብ ንፍቀ ክበብ መሆኑን አትርሱ።

ላቲትዩድና አልቲትዩድ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ኬክሮስ ነው፣ ሌላው ከፍታ። ከኋላቸው ዲግሪ ከመጣ ኬክሮስ፣ ሜትር ወይም ጫማ ከመጣ ከፍታ።

የአንድ አገር አነጋገር ብቻ እየሰሙ መክረም ጥሩ አይደለም።

ፖዝ እየተጫኑ ብቻ መለማመድም ያሰንፋል። አይልትስ (IELTS) የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ 40 ጥያቄ በ30 ደቂቃ ገደማ ይመጣል፣ የሚሰማውም አንዴ ብቻ ነው። አንድ ጥያቄ ሲያመልጣቸው ለእሱ እያዘኑ ሦስት የሚያጡ ሰዎች አሉ። ባዶውን ትታችሁ እለፉ፤ ኦዲዮው ካለቀ በኋላ ገምታችሁ ትሞሉታላችሁ፣ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም።

በየቀኑ አዲስ ኦዲዮ ማሳደድ

ዛሬ እሳተ ገሞራ፣ ነገ አውሎ ነፋስ፣ ከነገ ወዲያ የዓለም ረጃጅም ወንዞች። ሁሉም ግማሽ ግማሽ። ሰዎች ይሄን ትጋት ይሉታል፤ ያልገባቸው ቦታ ግን ከትናንቱ ወደ ዛሬው ሳይነካ ይተላለፋል። የሁለት ደቂቃ ትንበያ አንዱን ያዙና ያለ ጽሑፍ ሁሉም ቃል እስኪጠራላችሁ ድረስ ብዙ ቀን ተመላለሱበት። ከዚያ የዚያኑ ቦታ የሌላ ቀን ትንበያ በሌላ ተናጋሪ ድምፅ ክፈቱ። የቦታዎቹ ስም ያው ነው፣ የሚለወጡት ቁጥሩና አቅጣጫው ናቸው። እነሱን ብቻ ጻፉ።