የምርኮ ክፍፍል ሲያጣላ፦ ለዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ቡድኖች ችግርና መፍትሔ

ተጫዋቾች የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ጀብዱ በሚጫወቱበት በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጠረጴዛ ላይ፣ በምርኮ (በጨዋታው ውስጥ በሚገኝ ሀብት) ምክንያት የሚነሳ ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የስግብግብነት ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ጉዳዩ በቅርብ ሲመረመር ግን የሚበዛው ቅሬታ የሚመነጨው ቡድኑ የወርቅ ሳንቲምንና አስማታዊ ዕቃን በአንድ ደንብ ለመከፋፈል ከመሞከሩ ነው። ሳንቲም በማንም እጅ ዋጋው ያው ስለሆነ በቁጥር ይከፈላል፤ የዕቃ ጥቅም ግን እንደያዘው ሰው ይለያያል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛ እትም የተከተሉ ናቸው።

ምልክት፦ አስማታዊ ዕቃዎች አንድ ወይም ሁለት ሰው ዘንድ ተከማችተዋል

ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ሬሳውን ቀድሞ የፈተሸ ይወስዳል» የሚል ያልተነገረ ልማድ ሰፍኗል፣ ወይም ለእያንዳንዱ ዕቃ ዳይስ እየተጣለ ትልቅ ቁጥር ያወጣው ያነሳል። ሁለተኛው መንገድ ፍትሐዊ ቢመስልም ዳይስ ባለፈው ማን እንደወሰደ አያውቅም፤ ዕቃውንም ለማይጠቅመው ሰው ሊሰጥ ይችላል።

መፍትሔው ዕቃው በማን እጅ ቢገባ ብዙ ለውጥ እንደሚያመጣ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የለባሹን ጉልበት 19 የሚያደርገውን የኦገር ኃይል ጓንት እንውሰድ። ጉልበቱ 18 የሆነ ፋይተር (ተዋጊ) ቢያጠልቀው በዳይሱ ላይ የሚደመርለት ጭማሪ ከቀድሞው +4 ፈቀቅ ስለማይል ለሰይፍ ምቱ ያተረፈው ነገር የለም። ጉልበቱ 12 የሆነ ክሌሪክ (የአምላክ አገልጋይ) ቢያጠልቀው ግን ከ+1 ወደ +4 ይዘልላል፤ ከባድ ጥሩር የመልበስ ሥልጠና ካለውም ጉልበት 15 የሚጠይቀውን ሙሉ የብረት ጥሩር ፍጥነቱ ሳይቀንስበት ይለብሳል። ይህ ሆኖ ሳለ ጓንቱ «የጉልበት ዕቃ ነው» ተብሎ ብቻ ያለ ክርክር ለፋይተሩ ሲሰጥ ይታያል።

ጥቅሙ ለሁለት ሰዎች ተቀራራቢ ከሆነ ተራ ይያዝ። ዘላቂ አስማታዊ ዕቃ የደረሰው ሰው፣ በእቁብ እንደሚደረገው ሁሉ፣ ሌሎቹ እስኪደርሳቸው ድረስ ወደ ዕጣው አይመለስም። አንዴ ተጠቅመው የሚጨርሱት መድኃኒትና ጥቅልል በዚህ ተራ ውስጥ ሊቆጠሩ አይገባም። አቱንመንት (ከያዛቸው ሰው ጋር በአስማት መተሳሰር) የሚጠይቁ ዕቃዎች ደግሞ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ3 በላይ ስለማይፈቀዱ፣ አራተኛውን በከረጢቱ ይዞ የሚዞር ተጫዋች ካለ ዕቃውን ለሌላ እንዲያስተላልፍ መጠየቅ ነውር የለውም።

ምልክት፦ እያንዳንዱ ሀብታም፣ ቡድኑ ግን ድሃ ነው

ሁሉም የየድርሻውን ኪሱ ከትቶ ሳለ አንዱ ይሞታል። የሞተን የሚያስነሳው ሪቪቪፋይ የተባለው አስማት 300 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ይፈጃል፤ መከናወን ያለበትም ሰውየው በሞተ በ1 ደቂቃ ውስጥ ስለሆነ አልማዙ አስቀድሞ ካልተገዛ ነገሩ አብቅቷል። በዚያች ሰዓት «ማን ይክፈል?» ማለት ትርጉም የለውም።

ለጋራ ሣጥኑ እንደ አንድ ሰው ድርሻ ይመደብለት። አራት ሰዎች 1,100 የወርቅ ሳንቲም ቢያገኙ ለአምስት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ 220፣ ለሣጥኑም 220 ይደርሳል፤ በሁለተኛው ተመሳሳይ ምርኮ አልማዙ ተገዝቶ ለመድኃኒት ይተርፋል። ተራ መሣሪያና ጥሩር በግማሽ ዋጋ ሲሸጥም ገንዘቡ የሚገባው ወደ ክፍፍሉ እንጂ ተሸክሞ ወደ ገበያ ለወሰደው ሰው አይደለም። 1,500 የሚያወጣውን ሙሉ ጥሩር ለሚፈልግ ፋይተር ወይም የሦስተኛ ደረጃ አስማት በመጽሐፉ ለመገልበጥ 150 ለሚያስፈልገው ዊዛርድ (አስማተኛ) ሣጥኑ ቢያበድርና ከቀጣይ ድርሻቸው ቢቀነስ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በነፃ ይሰጥ የሚለው ግን ብዙ ወጪ የሌለባቸውን ማስከፋቱ አይቀርም።

ምልክት፦ ማን ምን እንደያዘ አይታወቅም

አንድ ጸሐፊ ይመረጥና ሁሉም ሊያየው በሚችል አንድ ወረቀት ላይ ይመዝግብ። ክብደትም አይዘንጋ፦ 50 ሳንቲም 1 ፓውንድ ስለሚመዝን፣ ጉልበቱ 10 የሆነና እስከ 150 ፓውንድ መሸከም የሚችል ሰው 7,500 የመዳብ ሳንቲም ቢሸከም ያለውን አቅም ሁሉ የጨረሰው ለ75 ወርቅ ነው። የፈውስ መድኃኒት ሁሉ ፊት ለፊት ለሚዋጋው እንዳይሰጥ መጠንቀቅም ይገባል፤ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ያለውን መድኃኒት ሌላ ሰው ካላጠጣው በስተቀር ሊጠጣው አይችልም።

ምልክት፦ ሮጉ (በስውር የሚሠራው ገጸ ባሕርይ) ከጓደኞቹ ደብቆ ዕንቁ ኪሱ ይከታል

ተጫዋቹ «ገጸ ባሕርዬ ሌባ ነው» ይላል፤ ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ግን ራሱ ነው። ይህን በጨዋታው ውስጥ፣ በፍተሻ ወይም በበቀል ለማረም መሞከር ነገሩን ያባብሰዋል። ንግግሩ ጨዋታው ቆሞ፣ በሰዎቹ መካከል ይሁን። ስርቆቱ ለቡድኑ የሚያዝናና ከሆነ ይፈቀድ፤ ሆኖም ገጸ ባሕርያቱ ባያውቁም ተጫዋቾቹ ሁሉ እንዲሰሙት በግልጽ ይነገር።

ምልክት፦ አንድ ተጫዋች የሚስማማው ነገር አያገኝም

እዚህ ላይ ተጠያቂው የጨዋታው መሪ ነው። ምርኮው ሁልጊዜ ከሠንጠረዥ በዳይስ የሚወጣ ከሆነ ሰይፍና ጥሩር ይደጋገማል፤ ጥሩር የማይለብሰው መንክ (መነኩሴ ተዋጊ) ግን ከወር እስከ ወር ባዶ እጁን ይቀራል። መሪው ከእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ወይም ሦስት ምኞት በጽሑፍ ይቀበልና ከሠንጠረዡ የወጣውን ዕቃ አልፎ አልፎ በዚያ ይተካ።

ምልክት፦ ከሞት በኋላ ሀብት ይበዛል

የሞተው ሰው ዕቃ ከቡድኑ ጋር ይቀራል፤ ተተኪው ገጸ ባሕርይ ደግሞ የራሱን ይዞ ይመጣል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ቡድኑ ከደረጃው በላይ ይታጠቃል። የሟቹ ዕቃ ለቤተሰቡ እንዲላክ ወይም አብሮት እንዲቀበር አድርጉ፤ ይህ ለቡድኑ ካልተዋጠለት ተተኪው ያለ አስማታዊ ዕቃ ይጀምርና የሟቹን ይውረስ። ተጫዋቹ ራሱ ቡድኑን የሚለቅ ከሆነ ዕቃው ለማን እንደሚሰጥ ከመሄዱ በፊት እርሱ ይናገር፤ ካልተናገረ ወደ ጋራ ሣጥኑ ይግባ።